የኤደን ትንፋሽ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሻባት፣ የሰንበት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ከዚያ በፊት እዚሁ እስራኤል፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሰማያዊ ሽርጥ አሸርጬ ለዓመታት ቆሜ ሠርቻለሁ። አሁን የልጆች ሕክምና ማዕከል ተቀጠርሽ ስባል፣ መቼስ ሐኪም ቤት ነው፣ አምሬ ልሂድ አልኩ። የክፍሉ አለቃ ሪና ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝና «ሠርግ ተጠርተሻል?» አለችኝ።

«ኧረ አልተጠራሁም» አልኳት።

«እንግዲያው ጫማሽን አውልቂና እዚህ ቁጭ በይ። የኛ ሥራ መሬት ላይ ነው።»

ቁጭ አልኩ። ቀሚሴ አልዋለም፤ የአንድ ልጅ የእግር ድጋፍ ማጣበቂያ ጥልፉን ይዞ ነጨው። ባሌ ማታ አይቶኝ «ሐኪም ቤት ነው ወይስ በረት የገባሽው?» አለኝ።

ሪና ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የልጆችን ጡንቻና መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ የምታክም። እኔ ረዳቷ ነበርኩ። ማዕረጋችንን ልንገራችሁ፦ ከላይ ሐኪሟ፣ ቀጥላ ሪና፣ ከሪና በታች ወጣቶቹ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ከነሱ በታች እኔ፣ ከኔ በታች ኳሶቹ። ኳሶቹን መንፋትና ማጠብ፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ልጅ ከተሽከርካሪ ወንበር ማውረድ፣ ቁርጭምጭሚት እንዳይጣመም የሚታሰረውን የፕላስቲክ ድጋፍ ማሰርና መፍታት፣ ሪና ጉልበት ስትይዝ ዳሌ መያዝ፣ ይኼ ሁሉ የኔ ነበር።

መጀመሪያ የተማርኩት እጅ ማሞቅ ነው። የአንድ ሕፃን ባት ላይ እጄን ሳሳርፍ እግሩ እንደ እንጨት ድርቅ አለብኝ። ሪና «እጅሽ በረዶ ነው፤ ጡንቻው ደነገጠ» ብላ ወደ ቧንቧው ሰደደችኝ። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እጄን በሙቅ ውሃ ሳላሞቅ ልጅ ነክቼ አላውቅም። እናንተም አሁን ሥራ የገባችሁ ወጣቶች፣ እጃችሁን ሳታሞቁ ልጅ አትንኩ።

ደመወዝ የማይከፈልበት ሌላ ሥራም ነበረኝ፤ አስተርጓሚነት። ከጎንደር የመጡ እናቶች ሲገቡ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለውን በዕብራይስጥ «ሺቱክ ሞሒን» ይሉታል። ቃል በቃል ከመለሳችሁት የአንጎል ሽባነት ነው። ይኼን ለእናት በምን አፌ ልበለው? «ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሷል። ጉዳቱ ራሱ እየባሰ አይሄድም፤ ጡንቻው ግን የሚላክለትን ትእዛዝ አጥርቶ አይሰማም» እል ነበር። ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም።

ዓለምነሽን ያወቅኋት በጠብ ነው። ልጇን ኤደንን ይዛ የመጣች ቀን ሪና የልጅቷን ጉልበት አጠፍ ዘርጋ እያደረገች «ጡንቻዋ እንዴት እንደሆነ ንገሪያት» አለችኝ። እኔም ዞር ብዬ «ግትር ናት» አልኩ። ጡንቻዋን ማለቴ ነው። ዓለምነሽ ብድግ አለች።

«ምን አልሽ? ገና ዛሬ አይተሻት ልጄን ግትር አልሽብኝ?»

«ኧረ እህቴ፣ እግሯን ማለቴ ነው!»

«እግሯም ግትር አይደለም! ታዛዥ ልጅ ናት!»

ሪና ምን ተፈጠረ ትላለች፣ እኔ ሳቄን እውጣለሁ፣ ኤደን ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ እንደ ትልቅ ሰው ትስቅብናለች። ያን ቀን ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። አማርኛውንም ዕብራይስጡንም ትሰማለች። አፏ ግን ቃል አይሠራላትም፤ ምላሷም እንደ እግሯ አይታዘዝላትም ነበር። እናቷ ይቅርታዬን ከተቀበለች በኋላ «እትዬ ጥሩ» ትለኝ ጀመር። ስሜ ጥሩወርቅ ነው።

ዓለምነሽ መሀል ከተማ ባንክ ቤት ታጸዳለች። ባሏ ከባድ መኪና ስለሚነዳ እቤት የሚያድረው ከስንት አንዴ ነው። ልጅቷን የምታነሣት፣ የምታጥባት፣ መጸዳጃ ቤት የምታስገባት እሷው ብቻዋን ነበረች፤ ወገቧም ከዚያ የተነሣ ተጎድቷል። አንድ ቀን ሪና «ከኛ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ አስጠየቀቻት። መልሷን ዛሬም አልረሳሁትም።

«ትሩጥልኝ አላልኩም። ብረት ይዛ፣ ልብሷን ዝቅ ከፍ እስካደርግላት ብትቆምልኝ ይበቃኛል። ሴት ልጅ ናት። በመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ትገባለች። አሁን በሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ዳይፐር ሲቀይሩላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ያ ነገር ይቅርላት።»

ሪና ስተረጉምላት አንገቷን ደፋች። የኤደን ጉዳይ ለኛ ይህ ነበር፤ ቆማ በክብር መጸዳጃ ቤት መግባት።

በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2015 ገደማ፣ ዶክተር ታማር የምትባል ተመራማሪ ክፍላችን ውስጥ ጥናት ጀመረች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር። ከተቀመጡበት ብረት ይዘው መነሣትን በጨዋታ መልክ ደጋግመው የሚለማመዱ ልጆች፣ በተለመደው መንገድ ከሚታከሙት ይልቅ ይጠነክራሉ ወይ? ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለኤደን የተለማማጆቹ ዕጣ ወጣላት። ዓለምነሽ ስትሰማ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ኮሪደር መሆኑን አስታውሳ ዘጋችው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ልጅቷን እግሯ መሬት በሚነካበት አግዳሚ ላይ እናስቀምጣለን። ከፊቷ የግድግዳ ብረት አለ። ሪና ጉልበቷን ትደግፋለች፣ እኔ ከኋላ ዳሌዋን፣ ካሜራው ጥግ ላይ ተተክሎ ይቀርጻል። ከተነሣች የሳሙና አረፋ ይነፋላታል። ለአረፋ ነፍሷን ትሰጥ ነበር። እናቶች ውጭ ይጠብቃሉ፤ ልጅ እናቱን ካየ ሥራ የለም።

ጥናቱን የፈቀደው ኮሚቴ ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። ልጅ ካመመው ወዲያው ይቆማል፤ ሕመሙ ከተደጋገመ ልጁ ከጥናቱ ይወጣል። ደህና ደንብ ነው፣ ዛሬም እሟገትለታለሁ። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙ የሚታወቀው በፊቱና በትንፋሹ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ኤደን አንዴ ተነሥታ ስትቀመጥ ሪና «ኦድ?» ትላታለች፤ ይጨመር ወይ ማለት ነው። ኤደን ዓይኗን ፍጥጥ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትንፋሿን በአጭሩ ወደ ውስጥ ትስባለች፦ «ህእ!»

ሪና እጇን እሳት እንደነካው ሰው ታነሣለች። «አቁሚ! አሟታል!»

እናቆማለን። ድጋፉን እፈታለሁ። ያን ጊዜ ኤደን ለቅሶዋን ትለቀዋለች፣ የሚያባብላት የለም። ካለቀሰችማ አሟታል ማለት ነው፣ ማን ይጠራጠራል? እኔ ጠጋ ብዬ «አይዞሽ የኔ ዓለም፣ የት ጋ ነው ያመመሽ?» ስላት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞርብኛለች። አኮረፈች እል ነበር።

ልምምዱን አቀለልነው። አግዳሚውን ከፍ አደረግነው። ሪና ስትነካት የእንቁላል ያህል ተጠነቀቀች። ኦድ ስትላት ያው ትንፋሽ፣ ስናቆም ያው ለቅሶ። ዓለምነሽ ሲነገራት «ቤት ሳቆማት እኮ ትስቃለች» አለች። የእናት ተስፋ ነው ብለን አለፍናት።

በመጨረሻ ዶክተር ታማር ልጅቷ ከጥናቱ ትውጣ አለች። ፊቷ ጠቁሮ ነው ያለችው፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ለእናትየው መንገር ደግሞ የማን ሥራ ሆነ? የኔ።

ኮሪደር ላይ ነገርኳት። ዓለምነሽ አልጮኸችም። «እትዬ ጥሩ፣ አንቺ ከኋላ ይዘሻት ነበር። አንቺስ ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ያማታል» አልኳት።

ጋሪዋን እየገፋች ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ወረደች። እኔም ወደዚያው ስለነበርኩ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ፤ አጠገቧ ለመድረስ ግን እግሬ አልደፈረም። አውቶቡሱ በር ላይ ወገቧን ይዛ ስትቆም ሁለት ወታደሮች ጋሪውን ከነልጅቷ አንሥተው ወለሉ የሱፍ ቅርፊት በሞላበት መኪና ውስጥ አስገቡላት።

በማግሥቱ ጠዋት ትንሿ ኩሽና ውስጥ ከዶክተር ታማር ጋር ተገናኘን። ለኮሚቴው ልትጽፍ ነበር።

«ሻይ ልቅዳልሽ?» አለችኝ።

ቀዳችልኝ። ደግሞ ቆየት ብላ «ለእናትየው ነገርሻት?» አለች።

መልሼላት ሻዬን ፉት አልኩ። ዶክተሯ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።

«ጥርስሽን ያምሻል?»

«ኧረ ምንም አላመመኝም።»

«እንግዲያው ምን ሆንሽ? ሻይ ስልሽም እንዲያ አደረግሽ፣ አሁንም። ደንግጠሽ ትንፋሽሽን ሳብሽ።»

«እኔ? ምን አደረግሁ?»

«ነገርሻት ወይ ስልሽ አልመለስሽልኝም። እንዲህ አልሽ፦ ህእ!»

«መለስኩልሽ እንጂ!» አልኳት፣ እየተቆጣሁ። «አዎ አልኩሽ! ነገርኳት አልኩሽ!»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አየር ወደ ውስጥ ስበሽ ነው አዎ የምትዪው?»

«ታዲያ በምን ልበል? አገር ምድሩ እንዲህ አይደል እንዴ...» አልኩና ምላሴ ቀጥ አለ። ተያየን።

«ኤደን» አለች ዶክተር ታማር ቀስ ብላ። «ኤደንስ?»

ጉድ በል ጎንደር! እዚህ አገር ከገባሁ ሠላሳ ዓመት፤ በቀን ስንቴ እንደምለው እንጃ፤ እናቴ እንዲህ ስትል አድጌ፣ እህቶቼ በስልክ እንዲህ ሲሉኝ እየዋልኩ፣ ከልጅቷ አፍ ሲወጣ ሕመም ነው አልኩ። ነጭ ጋዋን በለበሱ ሰዎች መሀል ስለነበርኩ ጆሮዬም ጋዋን ለብሶ ነበር መሰለኝ። ዓይን ራሱን አያይም የሚባለው ለካ ለኔ ነው። ያየችው ዶክተሯ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ታናሽ እህቴ ነው የምወዳት።

ሪና ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። «እኔ እኮ አስም ያለብሽ መስሎኝ ነበር! ስንት ዓመት ሙሉ መስኮት ስከፍትልሽ ኖሬ!»

እውነቷን ነው። በክረምትም ሳይቀር ትከፍተው ነበር። እኔ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ምን ሙቀት አለባት እያልኩ ሹራብ እደርብ ነበር።

ዶክተር ታማር ግን ቶሎ አልፈነጠዘችም። «ደስ የሚል ሐሳብ ማስረጃ አይደለም። ልጅቷን እንጠይቃት» አለች። ዓለምነሽን አስጠራናት። ምን እንደምንፈልግ ሳንነግራት ልጅቷን አግዳሚው ላይ አስቀመጥን፤ ማንም አልነካትም። ሪና በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ ጠየቅን።

«ስምሽ ኤደን ነው?»

«ህእ!»

«ዕድሜሽ ሠላሳ ነው?»

ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን አዞረች።

«እማዬ ቆንጆ ናት?»

«ህእ!»

«ጥሩወርቅ ቀጭን ናት?» አለች ሪና፣ አያድርስባችሁ የሪና ምላስ። ኤደን ከንፈሯን ገጥማ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዓለምነሽ ግን ግራ ገብቷት ነበር። «ምንድነው የሚያስቀው? አዎ አይደለም እያለች እኮ ነው» አለች።

«እስካሁን አላወቅንም ነበር» አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እኔ ኤደን ፊት ተንበረከክሁ። «የኔ ዓለም፣ ያን ጊዜ ስታለቅሺ እግርሽን አሞሽ ነው?» ከንፈሯ ተገጠመ፤ ፊቷ ዞረ።

«ስላቆምንብሽ ነው?»

እስከ ሆዷ ድረስ የወረደ ትንፋሽ ሳበች። እንዲያ ያለ አዎ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ አላውቅም። እናቷ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሪና መስኮቱን ልትከፍት ሄደች።

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገሬ ሰው። ኤደን ግን ተናግራ፣ ደጋግማ ተናግራ ነው ሊቀርባት የነበረው።

ዶክተር ታማር ሥራዋን በደንብ ታውቃለች። የተቀረጸውን ሁሉ ከኛ ጋር ላልነበረ የሙያ ባልደረባዋ ሰጥታ እንደገና አስመረመረች። አብዛኛው ትንፋሽ የመጣው ከጥያቄ በኋላ ነበር። አንዱ ግን ጥያቄ ሳይኖር ነው የመጣው፤ ቅንድቧ ተሰብስቧል፣ ጣቶቿ ተጨብጠዋል። እሱ የእውነት ሕመም ነበር። የግራ እግሯ ድጋፍ ተረከዟን ይፈገፍጋት ኖሯል። ድጋፍ ሠሪው ፕላስቲኩን በሙቀት አለስልሶ ሰፋ አደረገላት። ደንቡን እሟገትለታለሁ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሁሉን በደስታ ጠራርገን አዎ ብንለው ኖሮ ልጅቷ ትቆስልብን ነበር።

ኮሚቴው ማብራሪያውን ተቀብሎ ኤደን እንድትቀጥል ፈቀደ። በጥናቱ አሠራር ላይም አንድ ነገር ተጨመረ። ከማንኛውም ልጅ ጋር ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ፣ «ልጃችሁ እቤት እንዴት አዎ ይላል፣ እንዴት አይ ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ከአካባቢው መንደር የሚመጣ አንድ የአረብ አባት ሲጠየቅ ሳቀ። ልጁ ምላሱን «ጭ» ካደረገ አይ ማለቱ ነው አለን። እኛ ከረሜላ አማረው እያልን እንሰጠው ነበር።

ቀሪው ጉልበት ነው። ኤደን ኦድ ስትባል ትንፋሿን ትስባለች፣ እንነሣለን፤ እኔ ነኝ የምደክመው፣ እሷ አትደክምም። መጀመሪያ ቂጧ ከአግዳሚው ፈቀቅ አለ። ከዚያ ጉልበቷ ቀና አለ። ከዚያ እኔ ዳሌዋን በሁለት እጄ መያዜ ቀርቶ በጣቶቼ ብቻ ነካ አደርጋት ጀመር። የተመለሰችባቸው ሳምንታትም ነበሩ፤ ጉንፋን ያዛትና ያገኘነውን ሁሉ አጣን፣ እንደገና ሀ ብለን ጀመርን። ዓለምነሽም እቤቷ አልጋው አጠገብ ብረት አስተክላ ማታ ማታ ታለማምዳት ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ ዶክተር ታማር ሰብስባ ነገረችን። የተለማመዱት ልጆች ደህና ተሻሽለዋል፤ ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን ሌሎችም መድገም አለባቸው አለች። እኔ ታላቅ ግኝት ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበርና ቅር አለኝ። ሪና «ምርምር እንዲህ ነው፤ አንዱ ጡብ ያስቀምጣል፣ ሌላው ይደርብበታል» አለችኝ። ኤደንም ዛሬ ያለ ድጋፍ አትሄድም። ትሄዳለች ብሎ ቃል የገባላትም አልነበረም።

ጥናቱ ባለቀበት ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ዓለምነሽ ልጅቷን ለክትትል አመጣቻት። በመሀል ኤደን መጸዳጃ ቤት አሰኛት። ሁለቱ ገቡ፤ እኔ ምናልባት ካስፈለግሁ ብዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ዓለምነሽ ከውስጥ «እትዬ ጥሩ!» ብላ ጮኸች። ወደቀች ብዬ በሩን በርግጄ ገባሁ።

አልወደቀችም። ኤደን የግድግዳውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል እንጂ አልታጠፈም። ዓለምነሽ ከጎኗ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ «እዪ! ማንም አልያዛት! እዪ እጄን!» ትላለች፤ እንባዋ በአንገቷ ይወርዳል።

እኔም እልልታዬን ልለቀው ስል የኤደንን ፊት አየሁ። ተቆጥታለች። ዓይኗን ከኔ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኔ ታመላልሳለች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ልውጣ? በሩን ልዝጋው?» አልኳት።

«ህእ!» አለች።

ወጣሁና ዘጋሁት።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሪናንና ዶክተር ታማርን አመሰግናለሁ፤ እንጀራ ሰጥተውኛል፣ ሙያ አስተምረውኛል፣ የራሴን ትንፋሽ አሰምተውኛል። ሥራውን ለምትረከቡት የምለው ይኼው ነው፦ ልጁ እንዴት አዎ፣ እንዴት አይ እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ። እግሩን የምትይዙት ከዚያ በኋላ ነው።